ቀስት ይዞ ወደ ውጭ አገር አደን፦ ከጅማ ለሚነሳ ሰው አጠቃላይ ዳሰሳ

ትልልቅ የዱር እንስሳትን በቀስት ለማደን ወደ ሌላ አገር መጓዝ በደቡባዊ አፍሪካ ራሱን የቻለ የቱሪዝም ሥራ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ናሚቢያና ዚምባብዌ በዚህ ይታወቃሉ። ደንበኞቻቸው በብዛት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ይመጣሉ። ከጅማ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ወሬው ግን ጅማም ይደርሳል። ውጭ የሚኖር ዘመድ «ና አብረን እንሂድ» ይላል። በአስጎብኚነት መሥራት የሚያስብ ወጣትም ይህ ነገር እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ይፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው።

አደን ለዚህ አካባቢ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በኦሮሞ ባህል ዝሆን፣ ጎሽ ወይም አንበሳ የገደለ ሰው ትልቅ ክብር ነበረው፤ ጀብዱውንም በጌራርሳ፣ በጀግንነት ዘፈን፣ ይናገር ነበር። በአማራውም ዘንድ ፉከራና ቀረርቶ ገዳይን ያወድሳሉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በገዙበት ዘመን፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ.፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከቡና ጋር በጅማ ገበያ በኩል ያልፉ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ዛሬ የዱር እንስሳት ጉዳይ በአዋጅ ይመራል። ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። በደቡብ በኩል ያለው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆንም ጎሽም አለው፤ ነገር ግን ፓርክ ስለሆነ አይታደንበትም። በለጠ ጌራ ደን ገብቶ ድኩላ ላይ ልለማመድ ማለትም አይቻልም። ስለዚህ ከጅማ የሚነሳ ሰው ልምምዱ በሙሉ በዒላማ ላይ ነው። ይህ ጉዳት አይመስለኝም። ጥሩ ቀስተኞች ሁሉ የተሠሩት በዒላማ ነው።

መጀመሪያ የሚመረጠው አገሩ ነው፤ እንስሳው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የየአገሩ ሕግ በጣም ይለያያል። ኬንያ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስፖርት አደንን ከልክላለች። ቦትስዋና በ2014 አቁማ በ2019 መልሳ ፈቅዳለች። ናሚቢያ በቀስት ማደን ትፈቅዳለች፤ ግን ለቀስት አደን በተመዘገበ እርሻ ላይ ብቻ፣ ለዚሁ በተመዘገበ ባለሙያ አዳኝ መሪነት ነው። ዝሆን፣ ጎሽ፣ አንበሳና ነብርን የመሰሉ አደገኛ አራዊትን በቀስት ማደን እዚያ ክልክል ነው። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ አለው። ሊምፖፖ ላይ የሰሙት ሌላው ጋ ላይሠራ ይችላል። የውጭ ዜጋ የሚያድነው ፈቃድ ባለው አደራጅ በኩል፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝ አብሮት ሆኖ ነው። ለመጥፋት የተቃረቡና ጥበቃ የሚደረግላቸው እንስሳት በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣ የተለየ ደንብ ይታያሉ። ሕግ በየጊዜው ይቀየራል። ስለዚህ «ባለፈው ዓመት ይፈቀድ ነበር» የሚል የቃል መልስ አይበቃም። ፈቃዱ በማን ስም፣ ለየትኛው እንስሳ፣ በየትኛው መሬት ላይ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቃል።

ለመጀመሪያ ጉዞ ኩዱ (የአጋዘን ዓይነት)፣ ኢምፓላ (የሚዳቋ ዓይነት)፣ ሳላና ከርከሮ ይበቃሉ። ጎሽ ይቆይ። ጎሽ በቀስት ማደን በጣም ከባድ ቀስት፣ ከባድ ፍላጻና የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ጉዞው ጎሽ የሚመኝ ሰው ራሱንም መሪውንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ጊዜው ለጅማ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው። ጅማ በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስታጥለቀልቅ ደቡባዊ አፍሪካ ደረቅ ክረምት ላይ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ቅጠል ይረግፋል፣ ኩሬ ይደርቃል፣ እንስሳው ውኃ ወዳለበት ይሰበሰባል። ለቀስተኛ የተሻለው ወቅት ይህ ነው። ቀስተኛው ውኃው አጠገብ በተሠራ ማድፈጫ ውስጥ ከንጋት እስከ ማታ ይቀመጣል። ንፋሱ የሰውን ሽታ ወደ ውኃው ከወሰደው ቀኑ ባከነ። የሰኔና የሐምሌ ንጋት እዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። «አፍሪካ አይደል» ብሎ ቀጭን ልብስ ብቻ የያዘ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ቀስት አይስብም። ወፍራም ጃኬትና ኮፍያ ግድ ነው።

አሁን ወደ ቀስቱ። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ኮምፓውንድ የሚባለውን ዘመናዊ ቀስት ነው። በሁለቱ ጫፎቹ መዘውር አለው። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ከተሳበ በኋላ ጭነቱ በጣም ይቀላል፤ ስለዚህ ተስቦ እንደተያዘ ማነጣጠር ይቻላል። ለትልልቅ የሜዳ እንስሳት የተለመደው የመሳቢያ ክብደት ከ60 እስከ 70 ፓውንድ ነው፤ ከ27 እስከ 32 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ቀስት ከሰው ክንድ ርዝመት ጋር መመጠን አለበት። ጠመንጃ እዚያው ተከራይቶ ማደን የተለመደ ነው። የተከራዩት ቀስት ግን እምብዛም ልክ አይሆንም። የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል። ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ያሰበ ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ጉምሩክንና ፖሊስን ይጠይቅ። ቀስቱ ቦሌ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ዋጋ ያስከፍላል።

ናሚቢያ ፍላጻው የሚይዘውን ጉልበት በቁጥር ትገድባለች። ለትንሽ እንስሳ ቢያንስ 25፣ ለመካከለኛ 40፣ ለትልቅ 65 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው። የፍላጻው ክብደት በግሬን ይወሰዳል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሆነ ይለካል። ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በክብደቱ ይባዛል፣ ከዚያ ለ450,240 ይካፈላል። ለምሳሌ 450 ግሬን የሚመዝን ፍላጻ፣ 29 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ በሰከንድ 270 ጫማ ቢበር ወደ 73 ፉት ፓውንድ ይሰጣል። ለኩዱ ይበቃል። ፍጥነት ለመጨመር ብሎ ቀላል ፍላጻ መምረጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። አጥንት ሲያጋጥመው ከባዱ ፍላጻ ይሻላል። ጫፉ ምላጭ የሆነ ስለታም ብረት ነው፤ በልምምድ የደነዘዘውን ይዞ ወደ አደን መግባት በእንስሳው ላይ መጨከን ነው።

ፍላጻ እንደ ጥይት በድንጋጤ አይጥልም። የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ልብና ሳንባን ማግኘት አለበት። የአፍሪካ የሜዳ እንስሳት ልብና ሳንባ ብዙዎች ከሚገምቱት ይልቅ ወደ ፊት የቀረበና ዝቅ ያለ ነው። እንስሳው ጎኑን ሙሉ በሙሉ ሰጥቶ ወይም ፊቱን ትንሽ ከቀስተኛው ወደ ማዶ አዙሮ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ይዞ ወደ ላይ እስከ ሰውነቱ ታችኛ ሲሶ ድረስ መሄድ ነው። ፊት ለፊት የቆመ እንስሳ አይወረወርበትም። አንገቱን ያነሳና ጆሮውን የቀሰረም እንዲሁ። ምክንያቱ ድምፅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ፍላጻው ደግሞ 80 ሜትር አካባቢ። በ30 ሜትር ርቀት የገመዱ ድምፅ ከፍላጻው በፊት ሩብ ሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል። ኢምፓላ በዚያች ሩብ ሰከንድ ጎንበስ ብሎ ለመፈትለክ ይዘጋጃል፤ ፍላጻው በላዩ ያልፋል፣ ወይም ይባስ ብሎ ጀርባው ላይ ያቆስለዋል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች 20 ሜትር ላይ ሆነው እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይለቁ የሚተዉት።

በእኔ እምነት የጉዞው ዝግጅት ዋና ነገር ይህ ነው፤ አለመልቀቅን መለማመድ። ጅማ ላይ ሆኖ ይቻላል። ከኋላው አፈር የተቆለለበትና ሰው የማያልፍበት ቦታ ይፈለጋል። የሰፈሩ ሰውና ቀበሌው አስቀድመው ይነገራቸዋል። ቆሞ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ ጃኬት ለብሶ መሳብ ያስፈልጋል። ማድፈጫው ጠባብ ነው፤ ቆሞ የተለማመደ ሰው ተቀምጦ ሲስብ ክርኑ ግድግዳ ይመታል። በየቀኑ ብዙ ፍላጻ ከመልቀቅ ይልቅ በቀን ጥቂት፣ የመጀመሪያውን ግን በከፍተኛ ጥንቃቄ መልቀቅ ይጠቅማል። በአደን ላይ ሁለተኛ ዕድል እምብዛም የለም።

ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ መጠበቅ ይመጣል። ልብና ሳንባ ተገኝቷል ተብሎ ቢታመን እንኳ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆያል። ሆድ ላይ ካረፈ ለሰዓታት። ወዲያው የተከተሉት የቆሰለ እንስሳ ጉልበቱን አሰባስቦ ይርቃል። ዱካ የሚያነበው ሰው የዚያን ጊዜ ትልቁ ሰው ነው። ከባለሙያው አዳኝ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ፣ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። ጉርሻ ሲታሰብ እሱ መረሳት የለበትም። የጫካ ቡና የሚጠብቁ የገጠር ወንድሞቻችን ጦጣና ዝንጀሮ፣ ከርከሮም በየት እንዳለፈ ከሣር አጋደል የሚያውቁትን ሳስብ፣ ይህ ችሎታ በሥርዓት ቢሰለጥን ከጅማ ዙሪያ ጥሩ አስጎብኚዎች ይወጡ ነበር እላለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ሂሳቡ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የቀን ክፍያ ነው፤ መኝታን፣ ምግብን፣ መሪንና መኪናን ይሸፍናል። ሁለተኛው ለተገደለው እንስሳ በየዓይነቱ የሚከፈለው ነው። ደም የታየበት እንስሳ ባይገኝም እንደተገደለ ተቆጥሮ ይከፈላል። ይህ በአብዛኛው ቦታ የተለመደ ደንብ ነው፤ ተገቢም ነው። ክፍያው በዶላር ስለሚጠየቅ ከባንክ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ቀብድ ከመላኩ በፊት የጽሑፍ ውል ይፈረማል። በውሉ ውስጥ የቀናቱ ብዛት፣ አንድ መሪ ለስንት አዳኝ እንደሚመደብ፣ የእያንዳንዱ እንስሳ ዋጋ፣ ጉዞው ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን መስፈር አለበት። መሬቱ የታጠረ ከሆነ ስፋቱ ይጠየቅ። በጠባብ አጥር ውስጥ የተለቀቀ እንስሳ ላይ ፍላጻ መልቀቅ፣ ሕግ ቢፈቅደውም፣ አደን ብዬ ልጠራው አልችልም። ቀደም ሲል እዚያ በቀስት ያደኑ ሰዎችን አግኝቶ መጠየቅም ይገባል። በጠመንጃ ጥሩ የሆነ ቦታ ለቀስት ጥሩ ላይሆን ይችላል፤ ማድፈጫው የተሠራው ቀስት በማያውቅ ሰው ከሆነ መስኮቱ ከፍታውን ይስታል።

ሰነዶቹ ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ከጉዞው በፊት ቪዛ ማውጣት አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል፣ ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ከሚችሉ አገሮች አንዷ ስለሆነች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይወሰዳል፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሊምፖፖ ቆላማ ክፍል ወባ ስላለበት ስለ መድኃኒቱ ከሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል። ደቡብ አፍሪካ ለጠመንጃ የምትጠይቀው ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ ለቀስት አያስፈልግም፤ ብዙዎች ቀስትን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቀስቱ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ ስለታም ጫፎቹ ተነቅለው ለብቻ ተሸፍነው፣ በሚጫነው ሻንጣ ይሄዳል። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳ ሰው ረጅም ሳጥን እንደሚይዝ ትኬት ሲቆርጥ ይናገር። በመኪና በወልቂጤ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ማደርም ይቻላል፤ ከበረራው አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ይመረጣል። ሲወጡ ቀስቱን ጉምሩክ ላይ ማስመዝገብ ሲመለሱ «አዲስ ዕቃ ነው» ከመባል ያድናል።

ሥጋው በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ለካምፑ ይበላል፣ ለሠራተኛ ይከፋፈላል ወይም በአካባቢው ይሸጣል። ቀንድና ቆዳ ወደ አገር ለማምጣት የሚያስብ ሰው ግን ሌላ ወጪና ረጅም ጊዜ ይጠብቀዋል። ዕቃው በመድኃኒት ተነክሮና ታሽጎ፣ የእንስሳት ሐኪም ማረጋገጫ ተሰጥቶት ይላካል፤ ወራት ይፈጃል። የማጓጓዣው ዋጋ ብዙዎችን ስለሚያስደነግጥ ከመሄድ በፊት ግምት መጠየቅ ይገባል። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት የተጋለጡ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት። ኩዱ፣ ኢምፓላና ሳላ በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ነብር ግን በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ ከላኪው አገር የመውጫ፣ ከተቀባዩ አገር ደግሞ የመግቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። የመግቢያውን ጉዳይ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያያል። ፎቶ አንስቶ፣ ቀንዱን እዚያው ትቶ መመለስም ይቻላል፤ ይህን የሚመርጡ ብዙ ናቸው።