ማለፊያ እንጀራ ያልበላው ዳንኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለጽዮን ማርያም በዓል አደረሳችሁ። ኅዳር 21ን በዝማሬ፣ በእልልታ አክብረናል። ከቅዳሴ በኋላ በየቤቱ ካየሁት ድግስ ግን አዝኜ ነው የተመለስኩት።

ጾመ ነቢያት የገባው ኅዳር 15 ነው፤ ገና ሳምንቱ ነው። ገበታውን ላየ ግን ጾም የገባ አይመስልም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሥጋ እንዲመስል የተጠበሰ ሶያ፣ የጾም ኬክ፣ ከሆቴል የታዘዘ የጾም ፒዛ። ከፍስክ የጎደለው ቅቤውና ሥጋው ብቻ ነው።

እዚህ ጅማ ጾሙ የሚገባው ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነው። ብር እጅ ላይ ይገባል፤ ተመስገን ነው። ግን በዚሁ ሰሞን ደህናው ሶፋ በሌላ ሶፋ ይቀየራል፤ ያልተበላሸ ስልክ ይጣላል። ቤተ ክርስቲያን ልክ በዚህ ጊዜ «ጹሙ» ማለቷ ለእኛ ለጅማ ሰዎች ትልቅ ምሕረት ነው ብዬ አምናለሁ።

ነቢዩ ዳንኤልን እዩት። በምዕራፍ 10 ቁጥር 3 ላይ «ማለፊያ እንጀራም አልበላሁም፥ ሥጋና ጠጅም በአፌ አልገባም» ይላል። ጊዜው የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ 3ኛ ዓመት ነው። ዳንኤል ሸምግሏል። በልጅነቱ የንጉሡን መብል ትቶ ጥራጥሬ ሲበላ ምርኮኛ ነበር። አሁን ግን በቤተ መንግሥት ዕድሜውን የፈጀ፣ በሹመት ላይ ሹመት ያየ ሰው ነው። ማለፊያ እንጀራ ከደጁ ጠፍቶ አያውቅም።

እስቲ ልብ በሉ። እንጀራ እኮ የጾም ምግብ ነው! ቢበላው ማን ይከሰዋል? እሱ ግን ሥጋና ጠጁን ብቻ ትቶ አላበቃም። ከተፈቀደውም ላይ ያማረውን ቀነሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘይት እንኳ አልተቀባም። ነፍሱ ስለ ሕዝቡ እያዘነች ሥጋውን ማስጌጥ አልሆነለትም። እኛስ? ቅቤውን አውጥተን ምኞታችንን እንዳለ አስቀመጥን።

በኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የሚወቅሰው ይህንኑ ነው፦ «በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፥ ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ።» ያንን ሁሉ ወጥ ማን ሠራው? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሣች ልጅ ናት። በሽንኩርት ዓይኗ ቀልቷል፣ ጣቶቿ በበርበሬ ይቃጠላሉ። እሷም ጾመኛ ናት። የቅዳሴው ደወል ሲደወል ምድጃ ፊት ነበረች። እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ቆመን «ማረን» እያልን፣ እሷን ከቤተ ክርስቲያን ያስቀረናት ለድግሳችን ስንል ነው። ቡና ለቃሚውስ? የለቀመበትን ሒሳብ «ነገ ና» እያልን ጾመኛ ነን ማለት እንዴት ይቻላል?

አንዲት እናት አውቃለሁ፤ ከጽዋ ማኅበሯ ቀርታለች። ተራዋ ሲደርስ እንደ ሌሎቹ መደገስ አትችልም፤ አፈረች። ዳቦና ጠላ ቀርቦ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ በፍቅር ይጠጣ የነበረ ጽዋ ድሃን የሚያሳፍር ሆነ። ይህ በጣም ያስለቅሰኛል።

ቤታችሁ ሽሮ ብቻ ያላችሁ፣ እናንተ አትዘኑ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በቆሎ ንፍሮ ዘግናችሁ ውኃ የምትጠጡ፣ ጾማችሁ ከዳንኤል ጾም ጋር ይቈጠራል። ታማችሁ መድኃኒት የምትወስዱም ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ እንጂ አትጨነቁ።

ከጥንት አባቶች አንዱ ሄርማስ ስለ ጾም ሲያስተምር፣ በዚያ ቀን ከዳቦና ከውኃ በቀር አትቅመስ፤ ልትበላው የነበረውን ዋጋ አስልተህ ለመበለት፣ ለወላጅ አልባ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። የአንድ የጾም ኬክ ዋጋ ለአንድ ቤት የስንት ቀን ሽሮ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዝክር ያላችሁ፣ ከአሁኑ ተነጋገሩ። ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ይበቃል ብላችሁ ሁላችሁም ተስማሙ፤ አንዱ ብቻውን ቢቀንስ ሰሰተ ይባላል። የቀረችውን እኅት ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ ጥሯት። ሠራተኛችሁንም በዚያ ጠዋት ነጠላዋን አልብሳችሁ ከእናንተ ጋር ወደ ቅዳሴ ይዛችኋት ሂዱ።