በማሳያ ሞዴል የማሽን እንቅስቃሴን ማስተማር፦ ኮምቦልቻና ደሴ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም መካኒካል ምህንድስና ያስተምራል። ከዚህ ትምህርት የማሽን ክፍሎችን እንቅስቃሴ የሚያጠናው ዘርፍ በሰሌዳ ብቻ አይገባም፤ ሥዕል አይዞርምና። በእጅ የሚዞር ሞዴል ያስፈልጋል። ዘዴው የቆየ ነው፤ ጀርመናዊው መሐንዲስ ፍራንዝ ሩሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ የማስተማሪያ ሞዴሎች አሠርተው ነበር።

መጀመሪያ የሚሠራው ባለአራት ዘንግ ሞዴል ነው። ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አራት ዘንጎች ይቆረጣሉ። ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል ቋሚው 120፣ ዘዋሪው 40፣ አገናኙ 100፣ ተወዛዋዡ 80 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዘዋሪውና ተወዛዋዡ በቋሚው ሁለት ጫፎች ይያያዛሉ፤ አገናኙ ሌሎቹን ጫፎቻቸውን ያጋጥማል። አጭሩና ረጅሙ ሲደመሩ (160) ከሌሎቹ ሁለቱ ድምር (180) ስለማይበልጡ ዘዋሪው ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ተወዛዋዡ ደግሞ 60 ዲግሪ ያህል ይመላለሳል። ተማሪው ይህን ማዕዘን አስቀድሞ አስልቶ ይጻፍ፤ ከዚያ በፕሮትራክተር ይለካ። ሳያሰሉ ማዞር ጨዋታ ብቻ ይሆናል። ቀጥሎ ቋሚው በ150 ይተካ፤ ድምሩ 190 ስለሚሆን ዘዋሪው መሐል ላይ ተይዞ ይቆማል። ዘዋሪው በእጁ ላይ የተያዘበት ተማሪ ይህን የድምር ሕግ አይረሳም።

በብዛት የሚያበላሸው መጋጠሚያው ነው። ዘንጎቹ በአንድ ደረጃ ከተቀመጡ ይጋጫሉ፤ በየመሐላቸው ሮንዴላ (ጠፍጣፋ ቀለበት) ገብቶ መደራረብ አለባቸው። አንድ ዳዶ ጠበቅ ሲደረግ ዘንጉን ይይዛል፣ ሲላላ ደግሞ በመወዛወዙ ይፈታል። ስለዚህ ሁለት ዳዶ እርስ በርስ ይቆለፍ፣ ዘንጉም ነፃ ይሁን። ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን 7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከተበሳ በየመጋጠሚያው ያለው ክፍተት ተጠራቅሞ የተለካው ማዕዘን ከስሌቱ ይርቃል። ከአንድ በላይ ሞዴል ሲሠራ፣ እኩል መሆን ያለባቸውን ሁለት ዘንጎች አንድ ላይ አስሮ በአንድ ጊዜ መብሳት የርዝመት ልዩነትን ያስቀራል።

ሙት ነጥብን፣ ማለትም ግፊት ማዞር የሚያቅተውን ቦታ፣ ለማሳየት ግን ከልብስ ሰፊ የእግር መኪና የተሻለ መሣሪያ የለም። እዚያ የሚነዳው ተወዛዋዡ መርገጫ ነው። መርገጫውን ከመንኮራኩሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከክራንኩ (ከዘዋሪው ክንድ) ጋር በአንድ መስመር ሲሆን፣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ፣ የእግር ግፊት መንኮራኩሩን ማዞር ያቅተዋል። ሰፊው ሲጀምር የላይኛውን መንኮራኩር በእጁ ገፋ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የከባዱ መንኮራኩር ግስጋሴ ያሻግረዋል። በሽመና ማሽንም ማጉን ወደ ጨርቁ የሚመታው ክፍል በክራንክ ይወዛወዛል፤ እዚያ ነጂው ዘዋሪው ስለሆነ ይህ ችግር አይነሳም።

ለማርሽ ባለ20 እና ባለ60 ጥርስ ይበቃል፤ ትንሹ 3 ጊዜ ሲዞር ትልቁ 1 ጊዜ ይዞራል። ሞጁሉ (የጥርሱ መጠን መለኪያ፣ የማርሹ ዲያሜትር ለጥርሶቹ ቁጥር ሲካፈል) 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመሐል ርቀታቸው 80 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ከጠበበ ይጨናነቃሉ፣ ከሰፋ ወደ ኋላ ሲዞሩ ይላላሉ። በመሐላቸው ሦስተኛ ማርሽ ቢገባ አቅጣጫው ይቀየራል እንጂ ምጣኔው አይቀየርም።