«እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው»፦ ምሳሌያዊ አነጋገሩና ትርጓሜው

ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር በወሎ፣ ከደሴ ከተማ እስከ ገጠሩ፣ አመሉን ትቻለሁ ብሎ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ለሚመለስ ሰው ይነገራል። መጠጥ እርም ብሎ በሳምንቱ ጠላ ቤት የተገኘ ጎረቤት፣ ታርቆ በማግስቱ ነገር የጫረ ዘመድ ይተረትበታል። እኩለ ቀን የተመረጠው፣ እንደሚመስለኝ፣ ከጥንት ጀምሮ ቀትር ስለሚፈራ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት «የቀትር ጋኔን» ይላል፣ እረኛ ልጅም በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር እንዳይቀመጥ ይመከራል። ጠዋት የረጋ ሰው ፀሐይ ስትበረታ ይነሣበታል የሚለው እምነት ከዚሁ ሳይመነጭ አይቀርም።

ለአመለኛ ሲነገር ጉዳት የለውም። በእርግጥ ለታመመ ሰው ሲነገር ግን ርጋታህ ሁሉ ማድፈጥ ነው እንደ ማለት ይሆናል፤ የቀድሞዎቹ ልብ አንጠልጣይ ሥነ ልቦናዊ ፊልሞች ብዙዎቹ የቆሙትም በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ በ1960 እ.ኤ.አ. ለእይታ ባበቃው «ሳይኮ» ውስጥ ኖርማን ቤትስ አፋርና ትሑት ወጣት ነው፤ ደርቀው የተሞሉ ወፎች ባሉበት ክፍል ለእንግዳዋ ዳቦና ወተት አቅርቦ፣ እርሱ ሳይበላ ያጫውታታል። ተመልካች ኋላ የሚረዳው ግን ያ ሁሉ ደግነት ነፍሰ ገዳይን ሸፍኖ እንደነበረ ነው። ገዳዩ የእናቱን ልብስ ለብሶ መገኘቱም የሴት ልብስ የሚለብስን ወንድ ሁሉ አስጠርጥሯል፤ በፊልሙ መጨረሻ አንድ የአእምሮ ሐኪም ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ ቢያስረዳም፣ በልብ የሚቀረው ማብራሪያው ሳይሆን ምስሉ ነው።

እውነታው ሌላ ነው። የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም፤ ይልቁንም ጥቃት የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ነው፣ ሕክምና ያገኘ ሰው ርጋታም ለዓመታት ሊዘልቅ ይችላል። ነገር ግን ከሆስፒታል ወይም ከጠበል ተመልሶ ሥራውን የያዘ ሰው ቡና ላይ ድምፁን ከፍ ካደረገ ጎረቤት እርስ በርሱ ይተያያል፤ ሌላው ሲቆጣ «ተናደደ» ይባላል፣ እርሱ ሲቆጣ ግን «ተነሣበት»። እንዲህ የሚጠበቅ ሰው መድኃኒቱን ተደብቆ መዋጥ ይጀምራል፤ ሲያፍርበት ያቋርጠዋል፣ ያን ጊዜም ሕመሙ ያገረሽበትና አባባሉን የተረቱበት ሰዎች «አላልንም?» ይላሉ።