ሾክ አብዞርበር ምንድን ነው? «ጠንካራውን ስጠኝ» ማለትስ ለምን አያዋጣም?

የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ሾክ ለመግዛት የገባ ሰው ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ጠንካራ ነው ለስላሳ?» የሚል ነው። እኔም ለቪትዜ አራቱንም ልቀይር ሄጄ ይህንኑ ተጠየቅሁና ሳላስብ «ጠንካራውን» አልኩ። ጠንካራ ዕቃ የሚጠላ ማን አለ? በሦስተኛው ቀን እናቴን ከኋላ አስቀምጬ የሰፈራችንን ኮብልስቶን ስወጣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ታማለች እንዴ?» አለችኝ። አሮጌው ሾክ ዘይቱን ጨርሶ መኪናዋ እንደ ጀልባ በምትንሳፈፍበት ጊዜ እንኳ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ስህተቱ የሚጀምረው የሾክን ሥራ ከሞላ ሥራ ጋር ከማምታታት ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው፤ ሃይሉክስን በመሰሉ መኪኖች የኋላ እግር ላይ ደግሞ ባሌስትራው፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩት የብረት ቅጠሎች። ሞላ ግን የተቀበለውን ኃይል መልሶ ይተፋል። ብቻውን ቢተዉት አንድ ጉብታ ያለፈ መኪና በሰከንድ አንዴ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ እያለ ሲወጣ ሲወርድ ይቆያል። ሾክ ይህን ውዝዋዜ የሚገታ ዕቃ ነው። ውስጡ ዘይት አለ፣ በዘይቱ ውስጥ ፒስተን፣ በፒስተኑ ላይ ደግሞ ጠባብ ቀዳዳዎችና በስስ የብረት ቅጠሎች የተከደኑ ቫልቮች። ጎማው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ፒስተኑ ዘይቱን በእነዚያ መተላለፊያዎች አስጨንቆ ያሳልፈዋል፤ ንቅናቄው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ረጅም ፒስታ ከተነዳ በኋላ የሾኩ ጎን እጅ የማያስነካው ለዚህ ነው።

እንግዲህ «መኪናዬ ከኋላ ወረደብኝ» ብሎ ሾክ የሚቀይር ሰው ብሩን ለማይመለከተው ዕቃ እያወጣ ነው። ጋዝ ያለበት ሾክ መኪናውን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርገው ይችል ይሆናል፤ የደከመ ሞላን ግን አይተካም።

ወደ «ጠንካራ» እንመለስ። ቃሉ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ሾክ የሚቋቋመው ኃይል ፒስተኑ በሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ይወሰናልና። የመኪናውን ፍጥነት ማለቴ አይደለም። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ100 እየነዳችሁ መስመር ስትቀይሩ፣ ወይም ፍሬን ይዛችሁ አፍንጫው ሲደፋ፣ ፒስተኑ የሚንቀሳቀሰው በቀስታ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ የጉድጓድ ጠርዝ ስትመቱ ግን ፒስተኑ ይፈተለካል። መኪናው መንገድ የሚይዘውና በመታጠፊያ ላይ የማይጋደመው በቀስታው ንቅናቄ በሚገኘው ተቃውሞ ነው። ጀርባና ጥርስ የሚነርተው በፈጣኑ ጊዜ ያለው ነው።

ጥሩ ሾክ በቀስታው ጠንከር ይላል፤ ድንገተኛ ምት ሲመጣ ደግሞ የቫልቭ ቅጠሎቹ ተከፍተው ዘይቱን ይለቁታል። ርካሹ «ጠንካራ» ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው የጠበበ ዕቃ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ብቻ የሚያልፍ ዘይት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ያ ሾክ በመታጠፊያው ላይ ከሌላው ብዙም አይሻልም፤ ጉድጓዱ ላይ ግን እንደ ብረት ዘንግ ይሆናል። የእኔዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ።

ደግሞ ምቾት ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ጎማው ራሱ ከቸርኬውና ከፍሬኑ ጋር በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ የሚዘል የራሱ ውዝዋዜ አለው፤ ኮብልስቶንና ማበጠሪያ የሚመስል ፒስታ የሚቀሰቅሱት ይህንን ነው። ሾኩ ከመጠን በላይ ከጠነከረ ጎማው የመንገዱን ጉድፍ ተከትሎ መውረድ ያቅተዋል። በተለይ ወደታች በሚመለስበት ጊዜ ያለው ተቃውሞ ከበዛ ጎማው ወርዶ ሳይጨርስ ሁለተኛው ጉብታ ይደርሳል፣ ከዚያ ሦስተኛው፤ መኪናው እየሰመጠ ሄዶ ለሞላው መጨመቂያ የቀረው ክፍተት ያልቃል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም፣ አይታጠፍምም። በለሰለሰ አስፋልት ላይ የስፖርት መኪና የመሰላችሁ ቪትዝ ኮብልስቶን መታጠፊያ ላይ ቂጧን ወደ ጎን ስትጥል አይቻለሁ፤ የራሴው ነበረች።

ስለ ዓይነቶቹ። ዘይት ብቻ ያለበት ሾክ መንገዱ ሲበረታ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ አይቋቋምም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ደ ካርቦን ለዚህ ያመጣው መላ በአንድ ቱቦ ውስጥ ከዘይቱ ጀርባ ናይትሮጅን በከፍተኛ ግፊት ማስቀመጥ ነበር፤ የጀርመኑ ቢልሽታይን በ1957 እ.ኤ.አ. ለመርሴዲስ መኪኖች አቀረበው። አንድ ቱቦው ከ20 ባር በላይ ግፊት ይይዛል፤ ሲሊንደሩ ራሱ አየር ስለሚነካው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ረጅም ፒስታ ለሚነዳ ላንድክሩዘር ትልቅ ነገር ነው። ጉድለቱ ደግሞ ከዚያው ይመነጫል፦ ድንጋይ ተፈናጥሮ ጎኑን ካጎደጎደው ፒስተኑ የሚሄድበትን ግድግዳ ነው ያጎደጎደው። ሁለት ቱቦ ያለው ሾክ ውጪውን ቢመታም የሚሠራው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ይታገሣል። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የተጨመረበት ሁለት ቱቦ ሾክ ለአብዛኛው የከተማ መኪና በቂ ነው እላለሁ። በጃፓኑ ካያባ ዕቃዎች ብንሄድ ኤክሴል ጂ የተባለው የዚህ ወገን ሆኖ መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን ጠባይ ለመመለስ የተሠራ ነው፤ ጋዝ ኤ ጀስት ደግሞ አንድ ቱቦና ጠንከር ያለ። እንደ ሆላንዱ ኮኒ ጥንካሬያቸው የሚስተካከል አሉ፤ ጥሩ ናቸው፣ ግን ማስተካከያውን አንዴም የማይነካ ሰው ለምን ይከፍልበታል?

አንድ ነገር መጠየቅ ያለበት ከብራንዱ በፊት ነው፦ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ወይ? ባሌስትራ ላይ ቅጠል የተጨመረበት ፒክአፕ ያንን የጠነከረ ምላሽ የሚገታ ሾክ ይፈልጋል፤ የፋብሪካው አይበቃውም። ሞላው ሥር ላስቲክ ወይም ብረት አስገብተው ከፍ ያደረጉ ቪትዞች ደግሞ ሾካቸው ሁልጊዜ ተስቦ ነው የሚኖረው። ጎማው ትንሽ ሲወርድ ዘንጉ መጨረሻው ላይ ደርሶ «ጧ!» ይላል። እዚያ ላይ የፈለጋችሁትን ብራንድ ብትገጥሙ ዕድሜ አይኖረውም።

ሻጮች ዘንጉን ወደ ውስጥ ገፍተው ይለቁትና «አየህ፣ እንዴት እንደሚመለስ!» ይላሉ። የሚመልሰው ጋዙ ነው። ስለ ቫልቩ የነገራችሁ ነገር የለም፤ በእጅ የሚገፋ ደግሞ ጉድጓድ የሚያመጣውን ፍጥነት አያመጣም። ያገለገለ ሾክ የማልገዛው ለዚህ ነው፤ ሱቅ ላይ ቆሞ የሚመረመርበት መንገድ የለም። መኪናውን በእጅ ጫን አድርጎ መልቀቅም ፈጽሞ የሞተውን ብቻ ነው የሚያጋልጠው። ከዚያ ይልቅ ጎማውን በመዳፍ ዙሪያውን ዳስሱት፦ እዚህ ጎድጎድ እዚያ ጉብ ካለ ሲዘል የኖረ ጎማ ነው። ሾኩ ላይ ቀጭን የዘይት ወዝ ማየት አያስደነግጥም፤ ሲንጠባጠብ ግን አልቋል።

ሲቀየር በጥንድ ነው፣ የፊት ሁለቱ ወይም የኋላ ሁለቱ አብረው። ተጋድሞ የከረመ ሁለት ቱቦ ሾክ ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ተደርጎ አራት አምስት ጊዜ ይገፋል፣ ይሳባል፤ የገባው አየር ይወጣለታል። ቪትዝ ፊት ለፊት ሾኩ በሞላው መሃል ስለሚያልፍ ሞላ መጭመቂያ የሌለው ጋራዥ አይነካውም፤ የላይኛው ኩሽኔታና የላስቲክ መቆሚያው አብረው ይታያሉ፣ በኋላም አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከል) ይሠራል።

እነዚያን «ጠንካራ» ሾኮች አስወጥቼ ሁለተኛዎቹን ሳስገጥም ከመካኒኩ ልጅ አጠገብ አልተንቀሳቀስኩም። ልጁ ዳዶውን ሊያጠብቅ ሲል ዘንጉ አብሮ ዞረበት፤ እጁን ወደ ፒንሳው ሰደደ። የሚያብለጨልጨው ዘንግ በፒንሳ ጥርስ ከተጫረ ያ ጭረት በወጣ በገባ ቁጥር የዘይት መያዣውን ላስቲክ ይበላዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሾኩ ያለቅሳል። «ተው ወንድሜ፣ ጫፉን በቁልፍ ያዘው» አልኩት። ቀጥሎ የኋላውን የታች ቡሎን መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ አጥብቆ ሊጨርስ ነበር፤ እንዲያ ከታሰረ ጎሚኒው፣ ቡሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። አላላልኝ፣ መኪናዋን አወረዳት፣ ከዚያ ከሥር ተኝቶ አጠበቀው። እየተነሣ «ጋሼ፣ መካኒክ ነህ እንዴ?» አለኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሾኮች ታሪክ ነገርኩት፤ ሳቀና አሮጌዎቹን ጥግ ላይ ከተከመሩት ጋር ወረወራቸው።