ሳናያቸው ያወቅናቸው የድሮ አስፈሪ ፊልሞች

የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ የከተማው ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። ምስል ግድግዳ ላይ ሲራመድ ያስደነግጣላ። ዛሬ እንዲያ የሚል የለም። ግን የድሮ አስፈሪ ፊልሞችና የሳይንስ ልብወለድ ድራማዎች ሲነሱ አሁንም በወሬ የምናውቀው ይበዛል። እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ ፒያሳ አንድ ቤት እየተሰበሰብን ማየት ከጀመርን ወዲህ፣ ብዙ ነገር ተሳስተን እንደኖርን ገባኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም ነው።»

አይደለም፣ የፈጠረው ሰው ስም ነው። ጭራቁ በሜሪ ሼሊ የ1818 ልብወለድም፣ በ1931 በተሠራው ፊልምም ስም የለውም። የባሰው ስህተት ግን ክፉ አውሬ አድርጎ ማሰብ ነው። ሐይቅ ዳር ያለውን ቦታ ልብ ብላችሁ እዩት። አንዲት ትንሽ ልጅ ሳትፈራው እጁን ትይዛለች። አበባ ታካፍለዋለች። እየተቀባበሉ ውሃው ላይ ይጥላሉ፤ አበባው ይንሳፈፋል፤ እሱ ደስ ይለዋል። አበባው ሲያልቅ ልጅቷን አንስቶ ይጥላታል። እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ነው። ስትሰምጥ የሚያደርገው ይጠፋዋል።

ሳንሱር ይህን ቆርጦት ነበር። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ተመልካች ያየው እጁን ሲዘረጋባት ነው፤ ቀጥሎ አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ ይመጣል። መቀሱ ጭራቁን ከነበረው በላይ ክፉ አደረገው። የተቆረጠው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። ጭራቁን የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ አንድ ቃል ሳይናገር እንዲህ ያሳዝናል። እኛ ቤት ለተወሰነ ጊዜ ማንም አልተነፈሰም።

«ድራኩላን ፀሐይ ይገድለዋል።»

ደም መጣጩ ድራኩላ በብራም ስቶከር መጽሐፍ (1897) ለንደን ውስጥ በጠራራ ቀን ይታያል። ፀሐይ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) የምትገድለው ከ1922ቱ ድምፅ አልባ የጀርመን ፊልም ከ«ኖስፈራቱ» ወዲህ ነው። ሹል ጥርስም ቢሆን ድራኩላን የሚጫወተው ቤላ ሉጎሲ በ1931ዱ ፊልም አንዴም አያሳይም።

«ጥቁርና ነጭ የሆነው ቀለም ስላልነበረ ነው።»

ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ከ«ሳይኮ» (1960) በፊት የሠራው ፊልም ባለ ቀለም ነበር። ይሄኛውን ጥቁርና ነጭ ያደረገው መርጦ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግድያ ሲፈጸም የሚፈሰው ደም ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው።

«የጠፈር ድራማ የልጆች ነገር ነው።»

ይሄ ያናድደኛል። የአሜሪካው ድራማ ጸሐፊ ሮድ ሰርሊንግ «ትዋይላይት ዞን» የተባለውን ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ (1959–1964) የጀመረው፣ ስለ ዘረኝነትና ስለ ፍርሃት የጻፋቸውን ድራማዎች አስተዋዋቂ ድርጅቶች እየቆረጡ ስላስቸገሩት ነው። በማርስና በጠፈር ሰዎች ሸፍኖ ሲያቀርበው ግን አለፈ።

በ1960 የታየ አንድ ክፍል አለ። መንደሩ ውስጥ መብራት ይጠፋል፣ ስልክ አይሠራም፣ መኪና አይነሳም። ሰዉ መንገድ ላይ ይወጣል። ከዚያ የአንዱ ጎረቤት መኪና በራሱ ይነሳል። «ለምን የእሱ ብቻ?» ይባላል። ሲመሽ ሁሉም ጎረቤቱን ይጠረጥራል፣ ጠመንጃ ይወጣል።

እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ በረንዳ ወጥተን «እነሱ ጋ አለ?» እንላለን። ድራማው ውስጥ በጥይት የሚገደለው ሰውዬም ቀጣዩ መንደር መብራት አለ ወይ ብሎ ሄዶ ነበር። ሲመለስ በጨለማ ጭራቅ መሰላቸው።