የኤምባሲ ሴትባክ ምንድን ነው?

ሴትባክ በግቢው አጥርና በኤምባሲው ሕንፃ መካከል ሆን ተብሎ ባዶ የሚተው መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ለአዳዲስ የአሜሪካ ኤምባሲዎች ቢያንስ 100 ጫማ፣ 30 ሜትር ያህል መሆን ነበረበት።

መነሻው ቤይሩት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፈንጂ የጫነ መኪና እዚያ ያለውን የአሜሪካ ኤምባሲ መትቶ 63 ሰዎች ገደለ። በአድሚራል ቦቢ ኢንማን የተመራው ኮሚቴ በ1985 ርቀቱ እንዲጠበቅ መከረ፤ የቆዩት ሕንፃዎች ግን አብዛኞቹ ባሉበት ቀሩ።

ከነዚህ አንዱ ናይሮቢ መሀል ከተማ፣ የኃይለ ሥላሴና የሞይ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነበር። አምባሳደሯ ፕሩደንስ ቡሽኔል ሕንፃው እንዲቀየር ደጋግመው ጠይቀዋል፤ የሰማቸው አልነበረም። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. (ኦገስት 7 ቀን 1998) አልቃይዳ የላከው መኪና ከኋላ በኩል መጣ። ዘበኞቹ አናስገባም አሉ። ተኩስና የእጅ ቦምብ ተሰማ፤ በአካባቢው ያለ ሰው ምን ሆነ ብሎ ወደ መስኮት ሮጠ። ዋናው ፍንዳታ የተከተለው ያኔ ነው፤ ብዙዎች ዓይናቸውን ያጡት በመስታወት ስብርባሪ ነው። 213 ሰዎች ሞቱ፣ አሜሪካውያኑ 12 ነበሩ። የኤምባሲው ሕንፃ ሳይፈርስ ጎኑ የነበረው የኡፉንዲ ሕንፃ ተደረመሰ። በዚያው ጠዋት ዳሬሰላም፣ ታንዛኒያ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰ ተመሳሳይ ጥቃት 11 ሰዎች ሞቱ፤ እዚያ በመኪናውና በሕንፃው መካከል የቆመ የውሃ ቦቴ የፍንዳታውን ኃይል በከፊል ተቀብሎታል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ ኮንግረስ ርቀቱን ሕግ አደረገው፤ የኤምባሲው መሥሪያ ቤቶችም በአንድ ግቢ እንዲሰበሰቡ አዘዘ። የናይሮቢው ኤምባሲ ከመሀል ከተማ ርቆ ጊጊሪ ላይ በአዲስ መልክ ተሠራ።

ርቀት ከወፍራም ግድግዳ ይበልጣል፤ የፍንዳታ ግፊት በእያንዳንዱ ሜትር በፍጥነት ይወድቃልና። የሚበላሸው ክፍተቱ ቀስ በቀስ ሲሞላ ነው፦ መጀመሪያ የእንግዳ መኪና ማቆሚያ፣ ቀጥሎ መጋዘን። ሕጉ በጽሑፍ ፈቃድ ልዩ ሁኔታ ስለሚያስተናግድም ቦታ የጠበበበት ከተማ ውስጥ ርቀቱ ሊቀነስ ይችላል። በእግር የሚገባን ታጣቂና እሳትን ደግሞ ሴትባክ አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊቢያ ውስጥ ቤንጋዚ ላይ የአሜሪካው አምባሳደር ክሪስ ስቲቨንስ የሞቱት በጭስ ታፍነው ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ግን 30 ሜትሩ የሚለካው ከአጥሩ ወደ ውስጥ መሆኑ ነው። መንገደኛውን፣ ጎረቤት ቢሮ ያለውን፣ ውጭ ለቪዛ የተሰለፈውን አይሸፍንም። ስለዚህ በኤምባሲ አቅራቢያ የሚሠራ ሰው ተኩስ ወይም ትንሽ ፍንዳታ ከሰማ ለማየት ወደ መስኮት አይጠጋ፤ ከመስታወት ርቆ ከጠንካራ ግድግዳ ጀርባ መሬት ላይ ይተኛ።