ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ መኖር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአያት አልፎ ለገጣፎ፣ ከአስኮ አልፎ ቡራዩ፣ ከጀሞ አልፎ ሰበታ የሚሄድ ሰው አዲስ አበባን ጨርሶ ኦሮሚያ ክልል መግባቱን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከታፔላው ነው። ቤቱም አስፋልቱም ተያይዟል። ከ2015 ወዲህ እነዚህ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። «ወዲያ ይሻላል፣ ወዲህ ይሻላል» የሚለው ወሬ ግን አላለቀም፤ ወሬውን አምኖ ቤት የሚገዛና የሚከራይም ብዙ ነው።

«ከወሰኑ ወዲያ ኑሮ በግማሽ ይረክሳል»

ኪራዩ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ጤፍ፣ ዘይትና ሲሚንቶ ግን ያው አንድ ገበያ ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት ኪራዩ ለብቻው ሳይሆን ከመንገዱ ጋር ተደምሮ ነው። ኪራይ በወር 4,000 ብር ቀነሰልዎት እንበል። ከቤቱ ሁለት ሰው ሥራ የሚወጣ ከሆነና እያንዳንዱ በቀን 60 ብር ተጨማሪ ታክሲ ከከፈለ፣ በ26 የሥራ ቀን 3,120 ብር ይሄዳል። የቀረችው 880 ብር ናት፤ እሷንም አምሽተው በኮንትራት የሚገቡባቸው ጥቂት ቀናት ይጨርሷታል። ደላላ ቤት የሚያሳየው እሑድ ከሰዓት፣ መንገዱ ጭር ሲል ነው። እርስዎ ግን ማክሰኞ ጠዋት 12፡30 ከቤቱ ደጃፍ ተነስተው እስከ ሥራ ቦታዎ ይሂዱና ሰዓቱን ይያዙ።

«ግድቡ አጠገባችን ነው፣ ውሃ አይቸግርም»

የለገዳዲ ግድብ ያለው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ተጣርቶ በትልቅ ቱቦ የሚወጣው ውሃ ግን በዋናነት አዲስ አበባን ለማጠጣት የተዘረጋ ነው። ቱቦ በደጅዎ ማለፉ ለቤትዎ ውሃ አይሰጥም። የሚሰጠው የሰፈሩ ማከፋፈያ መስመር፣ የቤቱ ከፍታና የፈረቃው ቀን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ኮረብታ ላይ የተሠራ ቤት፣ ወሰኑን ተሻግሮ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ካለ ቤት የባሰ ሊጠማ ይችላል።

ስሌቱ ይኸውና፦ አምስት ሰው በቁጠባ በነፍስ ወከፍ 40 ሊትር ቢጠቀም በቀን 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ በርሜል ይጨርሳል። የ2,000 ሊትር ሮቶ 10 ቀን ያደርሳል። ፈረቃው በሳምንት አንዴ ከሆነ ይበቃዎታል፤ በ15 ቀን ከሆነ አምስቱን ቀን ከቦቴ ይገዛሉ።

ቤቱን ሲያዩ የወጥ ቤቱ ቧንቧ መፍሰሱ አያስደስትዎ፤ እሱ ከሮቶው ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ከፍተው መርፌው ሲዞር ይመልከቱ። ካልዞረ ፈረቃው መቼ እንደሆነ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤትን ይጠይቁ። የሮቶው ማማ ከሻወሩ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ገደማ ነው፤ በዚህ ግፊት ውሃ እያለፈ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሻወር ብዙ ጊዜ አይነሳም። ፓምፕ ይገጠማል፣ ያኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ውሃውም አብሮ ይጠፋል።

«መብራት እዚያ ርካሽ ነው»

አይደለም። ታሪፉ በአገር ደረጃ አንድ ነው፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥርም የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ይጨምራል። ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰፈር ሰፈር የሚለያየው ጉልበቱ ነው፦ ከትራንስፎርመሩ በራቁ ቁጥር፣ ማታ 1 ሰዓት ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፤ ምጣድ ሳይግል እንጀራው ዓይን አያወጣም።

«ከገበሬ ገዝቼ በሦስት ምስክር ፈርሜያለሁ፣ ማንም አይነካኝም»

ከሁሉም በላይ ቤተሰብ ሜዳ ላይ የሚጥለው ይህ እምነት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሰረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ሽማግሌ ቢፈርምበት፣ አሥር ምስክር ቢቆም ውሉ ሕጋዊ አያደርግዎትም። ቤቱ ሲፈርስም ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ስለሆነ የሚይዙት ነገር የለም። ይህ በሁለቱም በኩል ያው ነው። ሊዝም የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ በሁሉም ከተማ 99 ዓመት ነው።

ካርታ ያለው ቤት ሲገዙ ቅጂውን አይመኑ። ከሻጩ ጋር ማኅደሩ ወዳለበት የመሬት ጽሕፈት ቤት ሄደው ካርታው፣ ስሙና የቦታው ስፋት ከማኅደሩ ጋር መመሳሰሉን፣ እግድ ወይም የባንክ ዕዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ውል በሚያዋውል ክፍል ወይም በፍርድ ቤት ፊት መደረግ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሠራው የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫ ተቋም ነው፤ ኦሮሚያ ውስጥ የክልሉ አካል ነው። ወሰኑ በሚያልፍባቸው ሰፈሮች ቤቱ በየትኛው ሥር እንዳለ ሳያጣሩ ቀብድ አይክፈሉ።

«ፋይዳ አለኝ፣ መታወቂያ ማዘዋወር አያስፈልገኝም»

ፋይዳ ማንነትዎን እንጂ የየትኛው ወረዳ ነዋሪ እንደሆኑ አያረጋግጥም። ከለቀቁበት ወረዳ መልቀቂያ አውጥተው ለአዲሱ ያስገቡ።

«ትምህርት ቤት የትም ያው ነው»

12ኛ ክፍል ፈተናው አገር አቀፍ ነው። የ8ኛውን ግን እያንዳንዱ ክልልና ከተማ አስተዳደር ራሱ ያወጣል። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በአብዛኛው የሚያስተምሩት በሱ ሲሆን በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። አፋን ኦሮሞ ያልተማረን ልጅ 7ኛ ክፍል ላይ ድንገት ማዘዋወር ልጁን ይጎዳዋል። ኪራይ ከመፈረምዎ በፊት ርዕሰ መምህሩን በምን ቋንቋ እንደሚያስተምሩና ቦታ እንዳላቸው ይጠይቁ፤ ውጤት ካርዱንና መሸኛውንም በክረምቱ፣ ምዝገባ ሳይጀመር ያውጡ።